በአውስትራሊያ የበግ እርባታ ጣቢያ ድንኳን ተክሎ ማደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በደቡብ አውስትራሊያ በፍሊንደርስ ተራሮች አካባቢ፣ በሥራ ላይ ባለ የበግ እርባታ ጣቢያ ውስጥ ድንኳን ተክለው ወይም ካራቫን አቁመው ጥቂት ቀናት ለማሳለፍ ያሰቡ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተዘጋጁት በተለይ ከሜልበርንና ከአዴሌድ ለሚነሱ አማርኛ ተናጋሪዎች ቢሆንም፣ ከኢትዮጵያ ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ እንግዶችን የሚመለከት ጉዳይም ተካትቷል። ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበግ ጣቢያ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ የሰው መኖሪያና የሥራ ቦታ ነው፤ እንግዳ የሚቀበለውም ከሥራው ጎን ለጎን ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ክልከላዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ይመነጫሉ፤ በዚያ ደረቅ ምድር ውሃና ግጦሽ ጥቂት ናቸው፣ በጎቹ ደግሞ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ናቸው። ይህን የተረዳ እንግዳ ደንቦቹን አንድ በአንድ ባያስታውስ እንኳ አያጠፋም።

የቦታውን ስፋት በዓይን ለመገመት ያስቸግራል። ከሆከር ከተማ በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ራውንስሊ ፓርክ ወደ 12,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል። ከእሱ በስተሰሜን ያለው ዊሎው ስፕሪንግስ ደግሞ ስፋቱ ከዚህ እጥፍ ይበልጣል፤ በውስጡ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የራሱ የተራራ መንገድ ስላለው እንግዶች በፎር ዊል ድራይቭ መኪና ሙሉ ቀን ይነዱበታል። ጣቢያዎቹ እንዲህ የሰፉት ዝናቡ ትንሽ በመሆኑ አንዲት በግ ዓመቱን ሙሉ ለመኖር ብዙ ሄክታር ስለምትፈልግ ነው። አብዛኛው የአካባቢው የግጦሽ መሬት ከመንግሥት በረጅም ጊዜ ኪራይ የተያዘ እንጂ የግል ርስት አይደለም።

እህል ለምን እንደማይዘራ የሚጠይቁም አሉ። በ1865 የቅኝ ግዛቱ የመሬት ቅየሳ ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ጎይደር፣ ከከባድ ድርቅ በኋላ አገሩን በፈረስ ዞሮ ተመልክቶ፣ ዝናብ የሚያስተማምንበትንና የማያስተማምንበትን ምድር የሚለይ መስመር በካርታ ላይ አሰመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ዝናቡ ሲሰምር ብዙ ገበሬዎች ማስጠንቀቂያውን ቸል ብለው ከመስመሩ በስተሰሜን አረሱ፤ በ1880ዎቹ ድርቁ ሲመለስ ግን ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ወደ ሆከር በሚወስደው መንገድ ዳር ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ ቤቶች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

በየትኛው ወር መሄድ ይሻላል?

ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ መሄድ ይመረጣል። በጁንና በጁላይ ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ ቢኖረውም ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሰው ምን ዓይነት ብርድ ልብስ መያዝ እንዳለበት ከዚህ ይገምታል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ አንዳንድ ጣቢያዎችም በዚህ ወቅት እንግዳ አይቀበሉም።

ከበዓላት አንፃር ሲታይ፣ ገና በዓመቱ ከባዱ ሙቀትና የእሳት አደጋ ወቅት ላይ ስለሚውል በጣቢያ ለማክበር አይመከርም። እንቁጣጣሽና መስቀል ግን በአውስትራሊያ ጸደይ ላይ ይውላሉ፤ ክረምቱ በቂ ዝናብ ሰጥቶ ከነበረ ኮረብታዎቹ በዚያን ጊዜ አበባ ለብሰው ይገኛሉ። ከልጆች ጋር ለሚሄድ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም የሚል እምነት አለኝ።

መንገዱ እንዴት ነው? ተራ የቤት መኪና ይበቃል?

ከአዴሌድ በተራሮቹ መሐል እስካለው የጎብኚዎች ቦታ እስከ ዊልፒና ያለው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ከሜልበርን ለሚነሳ ሰው ጉዞው በጠቅላላው ከ1,100 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ቢያንስ አንድ ሌሊት በመንገድ ላይ ማደር ያስፈልጋል። ዋናው ማረፊያ ድረስ ተራ መኪና ይደርሳል። ከዚያ አልፎ ወደ ሩቅ የድንኳን ቦታዎች የሚወስደው ኮረኮንች ግን ከፍ ያለ መኪና፣ ደህና ስኮርታ ጎማ እና የጎማ ንፋስ መለኪያ ይጠይቃል። በኮረኮንች ላይ የጎማውን ንፋስ ቀነስ ማድረግ ጎማውንም ተሳፋሪውንም ያሳርፋል፤ አስፋልት ላይ ሲመለሱ መልሶ መሙላት ግን አይዘነጋም።

የኪራይ መኪና የያዘ ሰው ውሉን ጠንቅቆ ያንብብ፤ ብዙዎቹ አከራዮች አስፋልት በሌለው መንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ አይሸፍኑም። ዝናብ ከጣለ በኋላ የአፈር መንገዶች በይፋ ይዘጋሉ፤ በተዘጋ መንገድ መንዳት ያስቀጣል፤ ጎማው የሚያወጣው ቦይ ሲደርቅ ለባለ ጣቢያው የወራት ጣጣ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ከፀሐይ መግቢያ በኋላ አይንዱ። ካንጋሩ በብዛት ወደ መንገድ የሚወጣው በዚያን ሰዓት ነው።

ድንኳን የትም ቦታ መትከል ይቻላል?

አይቻልም። ባለ ጣቢያው ያሳየዎት ቦታ ላይ ብቻ ይትከሉ፤ ባለ ጣቢያው ምርጫ የሚሰጥ ከሆነም ከሦስት ቦታዎች ይራቁ።

አንደኛው ደረቅ የወንዝ አልጋ ነው። አሸዋው ለስላሳ፣ ጥላው የሚጋብዝ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ፣ እርስዎ ካሉበት አንድም ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ከሆከር በስተደቡብ ፍርስራሹ የሚጎበኘው የካንያካ ጣቢያ መሥራች ሂዩ ፕሮቢ፣ ጣቢያውን ባቋቋመበት በ1852 ዓመት፣ ገና ወጣት ሳለ የዊሎክራን ወንዝ በፈረስ ሲሻገር የሞተው በደራሽ ውሃ ተወስዶ ነው። ካንያካ ከእሱ በኋላ አድጎ እስከ 70 ቤተሰብ የሚኖርበት ሰፈር ነበር።

ሁለተኛው ከትልልቅ ባሕር ዛፎች ሥር ነው። በወንዞቹ ዳር የሚበቅለው ዛፍ በኢትዮጵያ ቀይ ባሕር ዛፍ ከምንለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እዚህ ግን ለማገዶና ለአጥር በለጋነቱ ስለማይቆረጥ መቶ ዓመታትን ተሻግሮ፣ ግንዱ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ሆኖ ይገኛል። ይህ ዛፍ ነፋስ በሌለበት በጸጥታ ቀን እንኳ ከባድ ቅርንጫፉን ድንገት ይጥላል። ቀን ጥላው ሥር ምሳ መብላት ሌላ፣ ሌሊት ልጆችን ሥሩ ማስተኛት ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን ፈጽሞ አያድርጉ።

ሦስተኛው የበጎቹ መጠጫ ገንዳ አካባቢ ነው። በጎቹና የዱር እንስሳቱ ሰው ካዩ ወደ ውሃው አይቀርቡም፤ በሞቃት ቀን ከውሃ ተከልክላ የዋለች በግ ደግሞ ልትሞት ትችላለች። ከገንዳው ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይራቁ።

በር ሲያገኙ ምን ማድረግ አለብዎት?

እንዳገኙት ይተዉት። ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ። ክፍት በር የተረሳ አይደለም፤ በጎቹ ወደ ውሃ እንዲያልፉ ሆን ተብሎ የተከፈተ ሊሆን ስለሚችል በቅንነት ቢዘጉት መንጋውን ያስጠማሉ። የተዘጋ በር ክፍት ቢቀር ደግሞ ለየብቻ የተያዙ አውራዎችና እናት በጎች ይደባለቃሉ፤ የአንድ ዓመት የማዳቀል ዕቅድም ይበላሻል። በተከታታይ መኪና ሲጓዙ የመጨረሻው መኪና ይዘጋል ብሎ መተማመን አይበቃም፤ መጀመሪያ በሩን ያየው ሰው እንዴት እንዳገኘው ለኋለኞቹ ይንገራቸው።

ውሃ፣ ሻወርና መጸዳጃ አለ?

በዋናው ማረፊያ ብዙውን ጊዜ አለ፤ በሩቅ ቦታዎች ከአንድ የጉድጓድ መጸዳጃ በቀር ምንም ላይኖር ይችላል። ከመሬት በታች የሚወጣው ውሃ ጨዋማ ስለሚሆን በግ ቢጠጣውም ለሰው አይመችም፤ ለመጠጥ የሚሆነው ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ደግሞ ለባለ ቤቶቹም የተቆጠረ ነው። ስለዚህ የሚጠጡትን ውሃ ከከተማ በጀሪካን ይዘው ይሂዱ፤ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር፣ በሙቀት ወቅት ከዚያም በላይ ያስቡ። አንዳንድ ጣቢያዎች የሻወሩን ውሃ በእንጨት በሚነድ በርሜል ያሞቃሉ፤ እሳቱን የሚያነደው እንግዳው ራሱ ነው። ሻወሩ አጭር ይሁን።

እሳት ማንደድ፣ ቡና ማፍላትስ?

በክረምት ወራት በተዘጋጀው የእሳት ቦታ ውስጥ ይፈቀዳል። እንጨቱን ከጣቢያው መግዛት ወይም ይዞ መሄድ ይገባል፤ የወደቀ ግንድ የእንሽላሊትና የትናንሽ እንስሳት ቤት ስለሆነ አይለቀምም። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ገደማ ባለው የእሳት አደጋ ወቅት ግን ክልከላው ጠንካራ ነው፤ አደጋው ከፍ ሲልም የደቡብ አውስትራሊያ የገጠር እሳት አደጋ አገልግሎት እሳት ሙሉ በሙሉ የተከለከለበት ቀን ብሎ ያውጃል።

በእንዲህ ያለ ቀን ከሰልም እሳት ነው። ጀበና የሚጣድበት ትንሽ የከሰል ምድጃም ሆነ ለዕጣን የሚደረግ ፍም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ይገባል፤ የጋዝ ምድጃ እንኳ በገደብ ነው የሚፈቀደው። ነፋስ ያለበት ደረቅ ቀን አንዲት የፍም ብናኝ ሳሩን ብታያይዝ በሰዓታት ውስጥ የሚያልቀው የጣቢያው አጥር፣ ግጦሽና መንጋ ነው። በክረምት ምሽት ከተራሮቹ ሥር ቡና አፍልቶ ሦስት ስኒ መጠጣት ግን ማንም የማይከለክለው ደስታ ነው፤ ባለ ጣቢያዎቹንም ይጋብዙ፣ አብዛኞቹ በደስታ ይመጣሉ።

ከጣቢያው በግ ገዝተን እዚያው ማረድ እንችላለን?

ከሌላው አገር እንግዳ ይልቅ የእኛ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ነው፤ መልሱ አይቻልም ነው። በአውስትራሊያ ለሽያጭ የሚቀርብ ሥጋ ፈቃድ ባለው ቄራ የታረደ መሆን አለበት። ባለ ጣቢያው ለገዛ ቤተሰቡ ፍጆታ ማረድ ቢችልም ሥጋውን ለእንግዳ መሸጥ አይፈቀድለትም። ከሕጉ ሌላ የጤና ምክንያትም አለ፤ በጎቹ የሆድ ትላትልና የቅማል መድኃኒት ስለሚሰጣቸው ሥጋቸው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይበላ ይከለከላል፤ የትኛዋ በግ መቼ እንደተሰጣት የሚያውቀው ባለ ቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥጋዎን እንደየእምነትዎ ሥርዓት ከሚያርድ የከተማ ሉካንዳ ገዝተው፣ ከፋፍለውና አቀዝቅዘው በበረዶ ሳጥን ይዘው ይሂዱ። ባለ ጣቢያውን በልመና ማስጨነቅ አይገባም፤ እምቢ ማለት ይከብደዋል፣ እሺ ቢል ደግሞ ሕግ ያስጥሰዋል።

ምግብ ይዘን መግባት እንችላለን?

እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ምስር ከሜልበርን ይዞ መሄድ ችግር የለውም፤ ፉትስክሬ ከሚገኙት ጋጋሪዎች የተገዛ እንጀራ በክረምት ቅዝቃዜ ለጥቂት ቀናት ሳይበላሽ ይቆያል። ትኩስ ፍራፍሬና አንዳንድ አትክልት ግን ከቪክቶሪያ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱ የፍራፍሬ ዝንብ ሲሆን፣ ክልከላው ለወጣችንና ለስልሳችን የምንፈልጋቸውን ቲማቲምንና ቃሪያን ይጨምራል። እነዚህን ድንበሩን ካለፉ በኋላ ይግዙ።

ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጣ እንግዳ ካለ ጉዳዩ ከበድ ይላል። አፍተግር የሚባለው የከብትና የበግ በሽታ በኢትዮጵያ ያለ ሲሆን፣ አውስትራሊያ ከበሽታው ነፃ ናት፤ አንድ ጊዜ ቢገባ የአገሪቱ የሥጋና የሱፍ ንግድ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ቋንጣና የአገር ቤት ቅቤ ማስገባት አይፈቀድም፤ ይዘው የመጡትን ምግብ ሁሉ በአውሮፕላን ማረፊያው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ከ30 ቀን ወዲህ እርሻ ወይም ከብት ያለበት ቦታ የነበረ መንገደኛ ይህንኑ በመግቢያ ቅጹ ላይ በሐቅ መሙላት አለበት። ገጠር የተለበሰ ጫማ ጭቃው ታጥቦ ይምጣ፤ ወደ በግ ጣቢያ ሲሄዱም ያንኑ ጫማ ባያደርጉ ይሻላል።

የበግ ሸለታ ማየት ይቻላል?

ጊዜው ከገጠመና አስቀድሞ ፈቃድ ከተጠየቀ ይቻላል። ሸለታው በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን ወሩ እንደየጣቢያው ይለያያል፤ ስለዚህ ቦታ ሲይዙ ይጠይቁ። የጉብኝቱን ቀን ከሸለታው ጋር ማገጣጠም የቻለ ሰው ከተራሮቹም ከዱር እንስሳቱም የበለጠ የሚያስታውሰው ይህን እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ሸላቾቹ ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በኮንትራት የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ቀናቸው ሁለት ሁለት ሰዓት በሚፈጁ አራት ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ በየመሐሉ ሻይና ምሳ አለ፤ ሰዓቱም ቅንጣት አይዛነፍም። ሸላቹ በጓን ከማቆያው ጎትቶ አውጥቶ በቂጧ ያስቀምጣታል፤ እሷም በሸላቿ ፊት ዝም ትላለች፤ እግሮቿ መሬት ስላልነኩ መታገሏን ትተዋለች። መጀመሪያ የሆዷን ሱፍ ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ እግሩን እያፈራረቀና እያገላበጣት፣ ከቆዳዋ ሳይላቀቅ የቆየውን ሱፍ ከአንገት እስከ ጅራት አንድ ወጥ አድርጎ ያወልቀዋል። ጠቅላላው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ረዳቱ ሱፉን አንስቶ በእንጨት ርብራብ ጠረጴዛ ላይ እንደ አንሶላ ይዘረጋዋል፤ ውጭው አቧራ የጠጣ ግራጫ ሲሆን የውስጡ ነጭነት ዓይን ይስባል፣ የነካው እጅ ላይም ቅባት ይቀራል። ጠርዙ ተገፍፎ፣ በጥራቱ ተለይቶ በመጭመቂያ ይታሸጋል፤ አንዱ እስር ከ110 እስከ 204 ኪሎ ግራም መመዘን አለበት።

በኢትዮጵያ የመንዝ በግ ጸጉር ለበርኖስና ለባና እንደሚውል የሚያውቅ ሰው፣ የሜሪኖን ሱፍ በጣቱ ሲነካ ልዩነቱን ወዲያው ያስተውላል፤ ሜሪኖ ወደ አውስትራሊያ ከገባበት ከ1797 ጀምሮ ለቅጥነቱ ሲመረጥ የኖረ ዘር ነው። በመሸለቻው ውስጥ ግን ከሸላቹ ጀርባ አይቁሙ፣ ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሱ፣ ልጆችን እጃቸውን ይያዙ።

ውሻችንን ይዘን መምጣት እንችላለን?

በአብዛኞቹ ጣቢያዎች አይፈቀድም። ዲንጎ የተባለውን የአውስትራሊያ የዱር ውሻ ከበግ አገር ለመለየት 5,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አጥር በተሠራበት አገር፣ የማያውቁት ውሻ በመንጋ መካከል መልቀቅ ምን እንደሚመስል ማሰብ አያዳግትም። ለውሻውም አደጋ አለው፤ ለዱር ውሻና ለቀበሮ በየቦታው የሚቀመጠው 1080 የተባለ መርዝ የቤት ውሻንም ይገድላል።

ስለ እባብና ስለ ዝንብ መስጋት አለብን?

ዝንቡ በሙቀት ወቅት ያስቸግራል፤ በፊት ላይ የሚጠለቅ መረብ ርካሽ ነው፣ ይግዙ። እባብ በክረምት ብዙም አይታይም። በሌላው ጊዜ የተሸፈነ ጫማ ማድረግ፣ ጫማውን ከድንኳን ውጭ አለማሳደር፣ በሌሊት በመብራት መሄድ ይበቃል። ነድፎ ከተገኘ ቁስሉን አይጠቡ፣ አይብጡ፣ በገመድም አይሰሩ፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሙሉውን በሰፊ ፋሻ ጠበቅ አድርገው ጠቅልለው፣ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ እርዳታ ይጥሩ።

ስልክ ካልሠራ በአደጋ ጊዜ ምን እናድርግ?

በጣቢያው አብዛኛው ክፍል ኔትወርክ የለም፤ ይህን ከወዲሁ አምኖ መዘጋጀት ያስፈልጋል። ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለባለ ጣቢያው ተናግረው ይውጡ። መኪና ቢበላሽ ከመኪናው አይራቁ፤ ከአየርም ከመንገድም የሚታየው መኪናው ነው፣ እግረኛ ግን አይታይም። ዩኤችኤፍ ሬዲዮ ያለው ሰው በ5ኛው ቻናል ለአደጋ ይጣራል። የማንኛውም ኩባንያ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ደግሞ 000 ይሠራል። ለከባድ ሕመም ከ1928 ጀምሮ የሚያገለግለው የንጉሣዊው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በፖርት ኦገስታ ጣቢያ ስላለው በአውሮፕላን ይደርሳል። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከታቀደው ቀን አስበልጦ ይያዝ፤ መንገዱ በዝናብ ሊዘጋ ይችላል።

የምድሩ የመጀመሪያ ባለቤቶች እነማን ናቸው? እኛንስ ምን ይመለከተናል?

የአድንያማታና ሕዝብ ናቸው፤ በ2009 ፍርድ ቤቱ በአካባቢው ያላቸውን የመሬት መብት አጽንቶላቸዋል። ብዙዎቹ በእነዚሁ ጣቢያዎች እረኛና ሸላች ሆነው ሠርተዋል፤ የበጉ ሥራ ያለ እነሱ እዚህ ባልደረሰ ነበር። በተራሮች የተከበበውን ሜዳ፣ ዊልፒና ፓውንድን፣ ኢካራ ይሉታል፤ ብሔራዊ ፓርኩም በ2016 ኢካራ ፍሊንደርስ ተብሎ ተሰይሟል። የሴንት ሜሪ ተራራ ጫፍ ለእነሱ የተከበረ ስለሆነ እንግዶች እስከ መጨረሻው እንዳይወጡ ይጠይቃሉ፤ ከጫፉ በታች ካለው ኮርቻ መሰል ዝቅታ የሚታየው በቂ ነውና ጥያቄያቸውን ማክበር ይገባል። በድንጋይ ላይ የተቀረጸና የተሳለ ነገር ሲያገኙ አይንኩ፤ የድንጋይ መሣሪያ ቢያገኙም ከቦታው አያንሱ።

ቦታ እንዴት ይያዛል? ክፍያውስ?

ክፍያው እንደየጣቢያው በአንድ ሰው ወይም በአንድ መኪና ለአዳር ይታሰባል። በትምህርት ቤት ዕረፍትና በፋሲካ ሰሞን ቦታው ወራት ቀድሞ ስለሚያዝ ቀደም ብለው በስልክ ይያዙ፤ የሰውን ቁጥር በትክክል ይናገሩ። አሥር ሰው ብለው አስመዝግበው ሃያ ሆኖ መድረስ በእኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ በዚያ ግን መጸዳጃውም ውሃውም ለተነገረው ቁጥር ነው የሚዘጋጀው። ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ሄደው ይመዝገቡ፤ በመጨረሻው ቀን ቆሻሻዎን በሙሉ ጭነው፣ ያዩትን የተሰበረ አጥር፣ የሚያፈስ ገንዳ ወይም የታመመች በግ ካለ የት እንዳለ ለባለ ጣቢያው ነግረው ይሂዱ።